በረጅም መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር መትከል ብክነት ነው ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁና አነበብኩት። ጭብጡ አጭር ነው። በከተሞች መካከል ባሉ ረጅም መንገዶች ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ መትከል ገንዘብ መበተን ነው ይላል። ጸሐፊው የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ሰው በአብዛኛው ቻርጅ የሚያደርገው ቤቱ ነው። መንገድ ላይ መጠበቅ አሰልቺ ነው። ባትሪዎች ትልቅ እየሆኑ ስለሆነ ጣቢያዎቹ ነገ ሥራ ይፈታሉ። ፈጣን ቻርጅ ባትሪ ይገድላል። የኃይል መስመሩ አይችለውም። የሶኬቱ ዓይነት ገና አልተስማማም። በመጨረሻም ኢስቶኒያ ሞክራው አልሆነላትም ብለው፣ ገንዘቡ ሁሉ ለቤትና ለሥራ ቦታ ቻርጀር ይዋል ሲሉ ይደመድማሉ።

ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ነጥብ እውነት አለው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ውሳኔ የሚሰጡ ሰዎች ከተቀበሉት የኤሌክትሪክ መኪና ከከተማ ሳይወጣ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ ነጥቦቹን በየተራ ልያቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቻርጅ የሚደረገው ቤት ስለሆነ የመንገዱ ጣቢያ አያስፈልግም

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ማታ መኪናውን ግቢው የሚያሳድር ሰው ጠዋት በሞላ ባትሪ ይወጣል። የሳምንት ጉዞው በአብዛኛው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው። የቤት ቻርጀር ርካሽ ነው፤ ለባትሪው ይስማማል፤ መስመሩንም አያስጨንቅም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው የማልስማማው። እሳቸው የጣቢያውን ጥቅም የሚለኩት በሸጠው የኤሌክትሪክ መጠን፣ በኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ግን እንዲህ አያሰላም። በሐሳቡ የሚመጣበት፣ የቤተሰብ ሰው ታሞ በድንገት 400 ኪሎ ሜትር መንዳት ያለበት ቀን ነው። ያ ቀን በዓመት ከስንት አንዴ ይመጣል። የትኛውን መኪና እንደሚገዛ የሚወስንለት ግን እሱ ነው። ያን ቀን የሚያሻግረው ጣቢያ ከሌለ፣ ቤቱ በነጻ ቻርጀር ቢተከልለት እንኳ የነዳጅ መኪናውን አይለቅም። ሰው በቤት ቻርጀር ለመጠቀም አስቀድሞ መኪናውን መግዛት አለበት። ለመግዛት ደግሞ ሩቅ መሄድ እንደሚችል ማመን አለበት። ጸሐፊው የቤቱንና የመንገዱን ቻርጀር ማፎካከራቸው ለዚህ ነው ያላሳመነኝ።

ፎቅ ላይ የሚኖር፣ የራሱ ግቢና ማቆሚያ የሌለው ሰውስ? ጽሑፉ ስለ እሱ አንድም ቃል አላነሳም።

የሚጠፋው ጊዜ ብዙ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ማስላት ያስፈልጋል። 75 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና እንውሰድ። በሀይዌይ ፍጥነት ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል እንበል። ከቤት ሞልቶ ወጥቶ 500 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በድምሩ 100 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። 10 በመቶ ተርፎት እንዲደርስ ከፈለገ መንገድ ላይ መሙላት ያለበት 32 ወይም 33 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአማካይ 100 ኪሎዋት የሚሰጠው ቻርጀር፣ ማለትም በአንድ ሰዓት 100 ኪሎዋት ሰዓት የሚሞላው፣ ይህን በ20 ደቂቃ ይጨርሳል። 500 ኪሎ ሜትር ተነድቶ የቆመው 20 ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ አሽከርካሪ በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ እንዲያርፍ ይመክራል። በአውሮፓ ኅብረት የከባድ መኪና አሽከርካሪ ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። ሰውም ቢሆን እግሩን ማፍታታት አለበት።

ጸሐፊው ጊዜውን ያገዘፉት ከዜሮ እስከ 100 በመቶ የሚፈጀውን በመውሰድ ነው። መንገድ ላይ እንዲያ የሚሞላ ሰው የለም። ባትሪ ባዶ ሲሆን ብዙ ኃይል ይቀበላል፤ እየሞላ ሲሄድ ይቀንሳል። ከ80 በመቶ በኋላማ በጣም ይንቀረፈፋል። ባትሪው እንዳይጎዳ መኪናው ራሱ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ መንገድ የለመደ አሽከርካሪ ከ10 እስከ 80 በመቶ ሞልቶ ይሄዳል። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ለተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው በ350 ኪሎዋት ቻርጀር 18 ደቂቃ የሚለው ይህንኑ ከ10 እስከ 80 ያለውን ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቻርጀሩ ላይ 350 ተብሎ ስለተጻፈ ማንኛውም መኪና 350 ኪሎዋት አይወስድም። የተለመደው ኬብል የሚያሳልፈው እስከ 500 አምፔር ነው። ባትሪው 400 ቮልት ከሆነ 500 በ400 ተባዝቶ 200 ኪሎዋት ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ፖርሼ በ2019 በታይካን እንዳደረገው ወደ 800 ቮልት መውጣት ያስፈልጋል። ባትሪው ከቀዘቀዘ ደግሞ ቻርጀሩ ምንም ያህል ጉልበት ቢኖረው አይቀበልም። በጥር 2024 ቺካጎ ላይ በከባድ ብርድ መኪኖች ቻርጀር ሥር ተሰልፈው የቀሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከመድረስ በፊት መኪናው ባትሪውን እንዲያሞቅ ማዘዝ ይቻላል፤ ኬብሉ ከተሰካ በኋላ ብቻ ማሞቅ ግን ብዙ ደቂቃ ይበላል።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት ትልቅ ችግር ወረፋ ነው። በጥቅምት 2021 የቻይና ብሔራዊ በዓል ሰሞን፣ ሁናን ክፍለ ሀገር ውስጥ ሌይያንግ በሚባል የሀይዌይ ማረፊያ አሽከርካሪዎች ቻርጀር ለማግኘት አራት ሰዓት ያህል ተሰልፈው ነበር። ይሄ እውነተኛ ስቃይ ነው። ቻርጅ ማድረጉ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ሰው ይታገሣል። ልጆች ይዞ አራት ሰዓት መሰለፍ ግን ማንንም ያስመርራል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒ ነው። ጣቢያ ይቅር ሳይሆን በአንድ ጣቢያ ብዙ ቻርጀር ይኑር። የጨረሰ መኪናም ቦታ ይዞ አይቆይ። ቴስላ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ሞልቶ የማይነሳን መኪና በደቂቃ ማስከፈል የጀመረው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ተናዶበት ነበር፤ እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ።

1,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባትሪ ስለሚመጣ መጠበቅ ይሻላል

1,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና አሁንም አለ። መርሴዲስ ኢኪውኤክስኤክስ የተባለውን የሙከራ መኪናውን በሚያዝያ 2022 ከሽቱትጋርት ደቡብ ፈረንሳይ ድረስ ነድቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይሞላ ሄደ። የባትሪው መጠን ግን 100 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያን ያህል ያስኬደው ቅርጹ ነው። ነፋስን የሚሰነጥቅ ዝቅ ያለ መኪና ነው፤ ለ100 ኪሎ ሜትር የበላውም 9 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም።

ተራ የቤተሰብ መኪና ላይ ይህን ርቀት በባትሪ ክምር ብቻ እናምጣ ካልን ሌላ ጣጣ ይመጣል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከነማቀፊያው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። 60 ኪሎዋት ሰዓት መጨመር 400 ኪሎ ገደማ መጨመር ነው። ያ ሁሉ ክብደት በየቀኑ ወደ ሥራ ሲኬድም ይጫናል። ዋጋውም የሚከፈለው መኪናው ሲገዛ ነው። የጂኤምሲ ሃመር ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብቻውን 1,300 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ከአንድ ትንሽ መኪና በላይ ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ለሚያስፈልግ ርቀት ዓመቱን ሙሉ ይህን ተሸክሞ መዞር ለማን ይበጃል? አንድ ቻርጀር ብዙ ሺህ መኪና ይጋራዋል። ትልቁን ባትሪ ግን እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይገዛዋል።

ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር ማመንም ያሳስታል። ይህ ርቀት የሚወጣበት የአውሮፓው መለኪያ ከተማንም ሀይዌይንም ስለሚቀላቅል አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 120 ያሳደገ አሽከርካሪ ነፋሱን ለመግፋት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚያጠፋው ኃይል ወደ 80 በመቶ ይጨምራል። ጸሐፊው በካታሎግ ርቀት አስልተው በ300 ኪሎ ሜትር አንድ ጣቢያ ይበቃል ያሉት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ፈጣን ቻርጅ ባትሪ ይገድላል

ይህኛው በአጭሩ ያልቃል። የአሜሪካው አይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ኒሳን ሊፍ የተባሉ አራት የ2012 የኤሌክትሪክ መኪኖችን በሞቃቷ የፊኒክስ ከተማ 80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቷቸዋል። ሁለቱ ሁልጊዜ በፈጣን፣ ሁለቱ ሁልጊዜ በቀስታ ነው ቻርጅ የተደረጉት። በቀስታ የተሞሉት ከአቅማቸው 23 በመቶ፣ በፈጣን የተሞሉት 27 በመቶ አጡ። ልዩነቱ አለ፤ ግን ትንሽ ነው። ሊፍ ደግሞ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት የለውም። ባትሪዎቹን በብዛት የጎዳቸው ሙቀቱ ነው። በ2023 ሪከረንት የተባለው ድርጅት ከ12,000 በላይ ቴስላዎችን አነጻጽሮ፣ አብዝተው በፈጣን በሚሞሉትና እምብዛም በማይሞሉት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በየቀኑ በፈጣን ቻርጀር የሚሠራ ታክሲ ቢጠነቀቅ አይከፋም። ክፍለ ሀገር ሊሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ የሚሞላ ሰው ግን በዚህ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

የኃይል መስመሩ አይችልም

ስምንት ባለ 150 ኪሎዋት ቻርጀሮች በአንዴ ሙሉ ኃይል ቢስቡ 1.2 ሜጋዋት ይሆናል። ከከተማ ርቆ ያለ ቀጭን መስመር ይህን አይሸከምም። በዚህ ልክ ናቸው። ትራንስፎርመር ታዝዞ እስኪገባ ከዓመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜም አለ።

ግን ስምንቱም መኪኖች በአንድ ቅጽበት ከፍተኛውን አይስቡም። አንዱ ገና ሲጀምር ሌላው 75 በመቶ ደርሶ ቀንሷል። ቻርጀሮቹም ያለውን ኃይል እርስ በርስ ይከፋፈላሉ። በዚያ ላይ ጣቢያው የራሱን ባትሪ ማስቀመጥ ይችላል። መስመሩ 200 ኪሎዋት ብቻ ነው እንበል። ሌሊቱን ጨምሮ 24 ሰዓት ቢስብ 4,800 ኪሎዋት ሰዓት ያጠራቅማል። አንድ መኪና ከ10 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 52 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ በቀን ከ80 በላይ መኪና ይስተናገዳል። ለዚህ የሚበቃ ማጠራቀሚያ ርካሽ አይደለም። ሆኖም አዲስ መስመር ከመዘርጋት የሚረክስበት ቦታ ብዙ ነው።

የጸሐፊው ስጋት ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ለከባድ መኪና ነው። ለከባድ መኪናዎች የተዘጋጀው የሜጋዋት ሶኬት እስከ 3.75 ሜጋዋት እንዲያሳልፍ የታሰበ ነው። እዚያ ላይ የመስመሩ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል።

ሶኬቱ አንድ አይደለም

ይህ ከአሥር ዓመት በፊት ከባድ ጥያቄ ነበር። አሁን አውሮፓ ሲሲኤስ 2 የተባለውን፣ ቻይና ጂቢ/ቲ የተባለውን የሶኬት ዓይነት ይዘዋል። ሰሜን አሜሪካ ላይም ፎርድ በግንቦት 2023 ወደ ቴስላ ሶኬት እንደሚዞር ካስታወቀ በኋላ ሌሎቹ ተከትለውታል። ጣቢያ ሠሪው አካባቢው የያዘውን አይቶ መትከል ነው።

የኢስቶኒያ ነገር

የጽሑፉ ጠንካራ ማስረጃ ይህ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ኢስቶኒያ በ2013 መጀመሪያ ላይ አገር አቀፍ የፈጣን ቻርጀር መረብ ሥራ አስጀመረች። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። 165 ቻርጀሮች ነበሩት፤ በዋና መንገዶች ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አይራራቁም። ገንዘቡ የመጣው የካርቦን ልቀት ኮታ ለሚትሱቢሺ ተሽጦ ነው። ከዚያው ስምምነት 507 ሚትሱቢሺ አይ-ሚቭ መኪኖች ለማኅበራዊ ሠራተኞች ተሰጡ። ከዚያ በኋላ ግን የመኪናው ቁጥር ለዓመታት እንደታሰበው አላደገም። ጸሐፊው እስከዚህ ያሉት ትክክል ነው።

አሁን መኪኖቹን እንይ። የአይ-ሚቭ ባትሪ 16 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወረቀት 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሀይዌይ ፍጥነት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ። ቻርጀሩ 80 በመቶ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ነድቶ ግማሽ ሰዓት መቆም፣ እንደገና አንድ ሰዓት ነድቶ መቆም። በእንዲህ ዓይነት መኪና ማን ረጅም መንገድ ይወጣል? የግዢ ድጎማውም ገንዘቡ አልቆ በ2014 ቆመ። ሰው መኪናውን ያልገዛው መኪናው ትንሽና ውድ ስለነበር ነው፤ ጣቢያው ምን አጠፋ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ጸሐፊው ከኢስቶኒያ ትንሽ ወደ ምዕራብ ቢያዩ ኖርዌይን ያገኙ ነበር። ኤኖቫ የተባለው የመንግሥት ተቋም ከ2015 ጀምሮ በዋና ዋና መንገዶች ላይ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ጣቢያ እንዲኖር ድጋፍ ሰጠ። በአንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ፈጣን ቻርጀር እንዲኖር፣ በጊዜው እዚያ የነበሩትን ሁለቱንም የፈጣን ቻርጅ ሶኬት ዓይነቶች እንዲይዝ አዘዘ። በ2024 እዚያ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 89 በመቶ ገደማ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ይህን ሁሉ ጣቢያው ብቻውን አመጣው አልልም። የግብር ነጻነቱ ትልቁን ሥራ ሠርቷል። ግን ሰሜን ጫፍ ድረስ በክረምት መንዳት ባይቻል ኖሮ፣ ግብሩ ስለቀረለት ብቻ አንድ ቤተሰብ ያለውን ብቸኛ መኪና ኤሌክትሪክ ያደርግ ነበር?

መጀመሪያ መኪናው ይብዛ፣ ጣቢያው ኋላ ይደርሳል የሚለውም እንዲሁ ነው። ቴስላ ሞዴል ኤስ የተባለውን መኪናውን ለደንበኞች ማስረከብ የጀመረው በሰኔ 2012 ነው። በመስከረም፣ ገና መንገድ ላይ የሚታየው መኪና ጥቂት ሳለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስድስት ጣቢያ ከፈተ። ገዢው መኪናውን ሲያይ ጣቢያውንም አብሮ አየ።

ጽሑፉ የዘለለው

ከሁሉ የገረመኝ ጽሑፉ ስለ ብልሽት ምንም አለማለቱ ነው። የመንገድ ጣቢያን ለመቃወም ብፈልግ እኔ የምጀምረው ከዚህ ነበር። በ2022 በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ በተደረገ ጥናት 657 የሕዝብ ፈጣን ቻርጅ መሰኪያዎች አንድ በአንድ ተሞከሩ። የሠሩት 72.5 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ስክሪናቸው ጠፍቷል፤ ክፍያ አይቀበሉም፤ ጀምረው ያቋርጣሉ፤ አንዳንዱም ኬብሉ አጥሮ መኪናው ጋ አይደርስም። ከተማ ውስጥ ይህ ቢያናድድም ሌላ ይፈለጋል። ባትሪው 8 በመቶ ላይ ደርሶ ቀጣዩ ጣቢያ 120 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ግን ሰው መንገድ ላይ ያድራል። አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ታሪኩን ለሚያውቀው ሁሉ ይናገራል፤ ያን የሰሙት ሁሉ መኪናውን አይገዙም።

የአሜሪካ የሀይዌይ ቻርጀር ፕሮግራም በ2023 ደንቡ ሲወጣ በየ80 ኪሎ ሜትሩ አንድ ጣቢያ፣ በጣቢያው አራት ባለ 150 ኪሎዋት መሰኪያ፣ እያንዳንዱም 97 በመቶ ጊዜ የሚሠራ እንዲሆን ጠየቀ። 97 በመቶ ጥሩ ይመስላል። የቀረው 3 በመቶ ግን በዓመት 11 ቀን ነው፤ በበዓል ሰሞን ከዋለ ብዙ ሰው ያስቀራል። ስለዚህ ብዛቱ ያስፈልጋል። አንድ ቻርጀር ከአሥር ጊዜ አንዴ ይበላሻል እንበል። ብቻውን የቆመ ከሆነ ከአሥር መንገደኛ አንዱ ይቀራል። አራት ከሆኑና ብልሽታቸው የማይያያዝ ከሆነ አራቱም በአንዴ የሚበላሹበት ዕድል ከ10,000 አንድ ነው። ችግሩ ብልሽታቸው ይያያዛል። መብራት ሲጠፋ አራቱም ይጠፋሉ። የክፍያው ሲስተም ሲቆም አራቱም ይቆማሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ቀጣዩ ጣቢያ በቀረው ባትሪ የሚደረስበት መሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በዋናው የመንገድ መረብ ላይ በየአቅጣጫው በ60 ኪሎ ሜትር አንድ ጣቢያ የሚጠይቀውም፣ አዳዲስ ፈጣን ቻርጀሮች ያለ አፕ ተራ የባንክ ካርድ እንዲቀበሉ ያስገደደውም ከዚህ አንጻር ሲታይ ይገባል። አፑ እንቢ ሲል ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ላይ አዲስ አካውንት መክፈት አይታሰብም።

ጸሐፊው የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን መጨነቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ያ ጭንቀት ጣቢያውን ከማስቀረት ይልቅ ውሉ ላይ ቢያርፍ እመርጣለሁ። ዛሬ ብዙ ቦታ ድጎማው የሚከፈለው ቻርጀሩ ሲተከል ነው፤ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ቢበላሽ የሚጠይቅ የለም። ክፍያው በከፊል ለዓመታት ተይዞ፣ ቻርጀሩ በትክክል ለሠራበት ሰዓት ብቻ ይለቀቅ። የሠራበት ሰዓትም የሚቆጠረው በባለቤቱ ሪፖርት ሳይሆን፣ መኪኖች ተሰክተው በእርግጥ ቻርጅ ማድረግ በቻሉበት ልክ ይሁን። የእያንዳንዱ መሰኪያ ሁኔታም ለማንኛውም የካርታ አፕ በነጻ ይሰጥ። አሽከርካሪው የተበላሸውን ከ100 ኪሎ ሜትር በፊት አውቆ ሌላ ቦታ እንዲቆም።